ወንዝ ዳገት የወጣበት ዓርብ

ቦጋለች ሥራ ላይ ሳለች ሰው ቢያነጋግራት አትመልስም ነበር። የእንስራዋን አንገት ገጥማ፣ እጇን ታጥባ ከተቀመጠች በኋላ ግን ያልጠየቋትንም ትመልሳለች። ባሏ ተሻገር፣ ቀጥቃጩ፣ «የኔ ሚስት ዝምታዋን ለጭቃ ሰጥታ ወሬዋን ለኔ ታመጣለች» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም «አንተ ምን ትሰማለህ፣ ብረት ስትደበድብ ጆሮህ የደነቆረ!» ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ነው የኖሩት፤ ደግ ትዳር ነበር።

መንደራቸው ወይብላ ትባላለች። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ከሚወስደው የበቅሎ መንገድ ቁልቁል ተወርዶ፣ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ፤ ባላገሩ ፈላሻ ይላቸዋል፤ ሲከፋው ደግሞ የባሰም ይላል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ወደ ማለቂያው ገደማ። ወይብላዎች ርስት የላቸውም። የሚያርሱት ቁራሽ መሬት፣ ጭቃ የሚያወጡበት ተረተር፣ የሚታጠቡበት ወንዝ ሁሉ የባለርስቱ የግራዝማች ደጉ ነው። ማረሻ ከተሻገር፣ እንስራ ከቦጋለች የማይገዛ ክርስቲያን በዚያ አገር አልነበረም፤ ገዝቶ ሲመለስ ግን ቡዳ እንዳይበላው አንገቱ ላይ ያለውን ክታብ ይዳስሳል። ወይ ሰው! በእንስራዋ ውሃ እየጠጣ እሷን ይፈራታል።

መሬቱ የሌላ ቢሆንም እንደ ወይብላዎች የሚያውቀው አልነበረም። ከተረተሩ ግርጌ ያለው ጥቁሩ ጭቃ ለምጣድ፣ ከፍ ብሎ ያለው ቀዩ ለእንስራ ይሆናል። መንደሯ ስሟን ካገኘችበት ከወይብላው ዛፍ ሥር ወንዙ ተንጣልሎ የሚያልፍበት ጥልቅ ኩሬ ደግሞ ለሰንበት ነው። የእነሱ ሰንበት ቅዳሜ ነው። ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሥራ ይቆማል፣ እሳት ይጠፋል፤ ወንዱ ቀድሞ ሴቱ ተከትሎ ኩሬው ውስጥ ይነከርና ነጭ ለብሶ ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳል። በሳምንቱ ከሌላ ወገን ሰው ጋር የተነካካ፣ በሚፈስ ውሃ ሳይታጠብ ሰንበትን ከሕዝቡ ጋር አይቀበልም። ባላገሩ በዚህ «አትንኩኝ» እያለ ያሾፍባቸዋል፤ «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ይላል። ቦጋለች ይህን ስትሰማ «እሰይ! እናንተስ ምን ምን ትሸታላችሁ?» ትልና በሆዷ ትስቃለች። ያ ኩሬ ባይኖር ወይብላ ደሃ የተጠጋበት ቁልቁለት ነበር እንጂ መንደር አይባልም ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ሁሉ ያመጣችው ዶሮ ናት። ሸክላ ሠሪ አዲስ ጭቃ ስታወጣ ገል፣ ማለት የሸክላ ስባሪ፣ ፈጭታ ትቀላቅልበታለች። ገሉ ካነሰ እንስራው እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አስቀድማ ከጭቃው ቆንጥራ ትንሽ ነገር ትሠራና ታቃጥላለች፤ ያ ከዳነ ትልቁም ይድናል። ሌሎቹ ሴቶች ለዚህ ድብልብል ነው የሚሠሩት። ቦጋለች ግን እናቷ እንዳስለመደቻት አውራ ጣት የምታህል ዶሮ ትሠራለች። ዶሮዋ ከእሳት ስትወጣ ገልበጥ አድርጋ ታያትና ወደ ጓሮ ትወረውራታለች። ጓሮው የተጣሉ ዶሮዎች መከማቻ ሆኖ ነበር።

አንድ ዓመት አደይ በፈነዳ ሰሞን ፈረንጆች መጡ። የቤተ ልሔምን ቤተ ክርስቲያን ሊያዩ ነው፤ ከውጭ የሣር ክዳን ብቻ የሚመስለውን፣ ከውስጥ ግን በጥርብ ድንጋይ የታነጸውን። የሚመራቸው ጸጋዬ የሚባል የደብረ ታቦር ጎልማሳ ነው፤ የፈረንጅ አፍ የተማረ፣ ምላሱ የማያርፍ። በቅሎ ሊያጠጡ ወይብላ ወረዱ። አንዲት ፈረንጅ በቦጋለች ጓሮ ስትዞር እግሯ አንዲት ዶሮ ረገጠ። ጎንበስ ብላ አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ ከዚያ ሳመቻት!

«ኧረ ጉድ! ምን ሆነች?» አለች ቦጋለች።

«እንዲህ ያለ ጥበብ ከየት ተገኘ እያለች ነው» አላት ጸጋዬ።

«ከቆሻሻ በላት።»

ጸጋዬ ይህን ተርጉሞ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ፈረንጇ ግን የቦጋለችን እጅ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ጨበጠች። ቦጋለች ለመሸሽም ጊዜ አላገኘችም። ሴቶቹ «ውይ!» አሉ። ቦጋለች ዓርብ ኩሬው ገብታ ታጠበችና ነገሩን እያስታወሰች ስትስቅ አመሸች።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። በሚቀጥለው በጋ ፈረንጆቹ በዙ። ሁሉም ዶሮ ይላሉ፤ ከዶሮዋም ይልቅ ስትቃጠል ማየት፣ እሳቱን ከብበው መቆም ይወዳሉ። ጸጋዬም መንገዱን አስተካከለው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይብላ ደርሰው ያድራሉ፣ ቅዳሜ ማልደው ይነሳሉ፣ እሑድ ቤተ ልሔም ቅዳሴ ይሰማሉ። አቆጣጠሩ ለእነሱ ደህና ነው። ለወይብላ ግን ከሳምንቱ ሁሉ ተመርጦ ዓርብ ማታ! ድንኳናቸውን የሚተክሉት ኩሬው ዳር ካለው ለምለም ሣር ላይ ነው። ግራዝማች ደጉ የማደሪያ ገንዘብ ስለሚቀበሉበት ደስ ብሏቸዋል። ፈረንጆቹ ከመንገድ አቧራ ጋር ኩሬው ውስጥ ይገባሉ፣ ሳሙናቸው አረፋ ሠርቶ ይወርዳል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ይዘው ሲመጡ ደግሞ ካሜራ ይነሳል።

ሴቶቹ ታች ከብት ወደሚጠጣበት ሸሹ። እዚያ ውሃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም። እያደር አሮጊቶቹ ቤታቸው ቀሩ፤ ወጣቶቹ «ምን አለበት፣ ፊትን መታጠብ አይበቃም?» ማለት ጀመሩ። የመንደሩ ካህን ቄስ ፈንታው ሽማግሌ ናቸው፤ አልተቆጡም። ዓርብ ዓርብ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቦጋለችን ከቁጣ ይልቅ ያ ጀርባ አንገበገባት።

ጎረቤቷ ብርቄ ግን የሆዷን በሆዷ የምትይዝ አይደለችም። አንድ ቀን ጭቃ ማውጫው ላይ፣ «አንቺ ነሽ ያመጣሽብን!» አለቻት። «የኛ ወንዝ ዳር የፈረንጅ ልብስ ማስጫ ሆነ። ዶሮሽ ናት!» ቦጋለች ያን ጊዜ ሥራዋን ጨርሳ እጇን ታጥባ ነበር። ሆኖም መልስ አጣች። እውነት ነበራ!

በጥር ግራዝማች ደጉ ግንድ አስቆረጡ። ኩሬውን በአጥር ከልለው ዳሩ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠሩ ነው የሚል ወሬ መጣ። ቦጋለች ያንን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሲነጋ ከሁሉ ያማረ እንስራዋን ለእጅ መንሻ አዝላ ወደ ግራዝማች ቤት ሄደች። ግራዝማች መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጸጋዬም አብሯቸው ነበር። ደጃፉ ላይ ቆማ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ስለ ኩሬው ነው የመጣሁት።»

«በገዛ መሬቴ ቤት ልሥራ ብል ከሳሽ መጣብኝ?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! ሰማይ አይታረስ፤ የቀረውን እርስዎ ያውቁታል።»

ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ለእሳቸው መተዋ ግራዝማችን ደስ አሰኛቸው። ፈገግ አሉ። እሷም ፈገግታውን እንዳየች ወደ ጸጋዬ ዞረች።

«እውነቱን ተናገር። እንግዶችህ እኛ ዘንድ የሚያድሩት ለውሃው ነው ለዶሮዋ?»

ጸጋዬ ግራዝማችን አየት አደረገ። «ለዶሮዋ ነው» አለ። «ለእሳቱ።»

«እንግዲያው እኔ እሳቴን ይዤ ዝንጀሮ ወንበር እወጣለሁ።»

ዝንጀሮ ወንበር የበቅሎው መንገድ የሚያልፍበት የገደል አፋፍ ነው። ነፋስና ድንጋይ ብቻ ያለበት፣ ከዝንጀሮ በቀር የሚቀመጥበት የሌለ። ቦጋለች ግን የከተማ ነጋዴ መሰለች። «ከዚያ ሆኖ እስከ ስማዳ ያያል፣ ፈረንጅ ደግሞ ሩቅ ማየት ይወዳል። በቅሎም ቁልቁለት ወርዶ ዳገት ሲወጣ አይደክም። ማረፊያውን እዚያ ይሥሩት። ኩሬውን ይተዉልን።»

ግራዝማች ጢማቸውን እየጎተቱ አሰቡ። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ነገር ግን እንግዶቼ ዓርብ ሲደርሱ አንቺንም እሳትሽንም እዚያ ማግኘት አለባቸው። አንድ ዓርብ የቀረሽ እንደሆን ግንዱን ኩሬው ዳር ነው የማራግፈው።»

«አልቀርም» አለች ቦጋለች።

ማታ ለተሻገር ስትነግረው መዶሻውን አስቀመጠ። «ዓርብ እነሱ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አንቺስ መቼ ወርደሽ ትታጠቢያለሽ? ሰንበት ከገባ መንገድ አይኬድም።»

«አልወርድማ። እዚያው አድራለሁ።»

«የሚጨብጥሽ ፈረንጅ ብዛቱ! ገንቦ ውሃ ይዘሽ ብትወጪስ?»

«ተቀድቶ የተቀመጠ ውሃ የቆመ ውሃ ነው። ሕጉ የሚፈስ ነው የሚለው።»

ተሻገር ቆጣ ብሎ፣ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል» አላት።

«ገደሉንም አይቻለሁ ተሻገር። አይቼ ነው።»

ቄስ ፈንታው ሰምተው መጡ። «ልጄ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አሏት። «አውቃለሁ አባቴ» አለች። «ሰንበትን የትም ሆነሽ ብታከብሪ እግዚአብሔር ያይሻል። ከሕዝቡ ጋር ግን…» ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። ቦጋለችም እንዲጨርሱት አልጠየቀችም።

እንዲህ ሆነና ማረፊያው ዝንጀሮ ወንበር ተሠራ፤ ወይብላም ኩሬዋን መልሳ አገኘች። ሣሩ ከድንኳን ካስማ አረፈ፣ አሮጊቶቹ ከቤት ወጡ፣ ቄስ ፈንታውም ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ቦጋለች ደግሞ በጋ በመጣ ቁጥር ዝንጀሮ ወንበር ነች። ነፋሱ እሳቱን እያንገላታ እንስራ አላስቃጥል አላት፤ አንዱ ጎን ሳይበስል ሌላው ይሰነጠቃል። ትንንሾቹ ዶሮዎች ግን ይድናሉ። ስለዚህ እንስራ ተወች። ያቺ የአገር እንስራ ሠሪ ዶሮ ስትጠፈጥፍ ትውላለች! ባላገሩም ከሌላ አገር ሸክላ መግዛት ጀመረ።

ዓርብ ፈረንጆቹ ይመጣሉ፣ እሳቱን ይከባሉ፣ እጇን ይጨብጣሉ። አንዱ ቁልቁል እያየ ብዙ ተናገረ። «አገሩ እንዴት ያምራል ነው የሚለው» አላት ጸጋዬ። «ያ ጭስ የሚታይበት ቤቴ ነው በለው» አለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍሙን በአመድ ታፍናለች፣ ዶሮዎቹን በጨርቅ ትሸፍናለች። ዶሮ የሚጠይቅ ቢኖር ጸጋዬ «ተዘግቷል» ይላል፤ ያን ያህል ደግነት ነበረው። እሷ እዚያ በተቀለሰላት ጎጆ ደጃፍ ተቀምጣ ቁልቁል ታያለች። ከወንዙ ወደ ጸሎት ቤት የሚሄደው ነጭ ልብስ ከዚያ ከፍታ የጤፍ ፍሬ ያህላል። ጸሎቱ አይሰማም። ያኔ ሆድ ይብሳታል። መንደሩ ሙሉ ከሷ ጋር ተጣልቶ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ የተጣላ ይታረቃል። እሷ ግን ከማንም አልተጣላችም፤ ውጭ ነው የቀረችው። ቅዳሜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወርዳ፣ ማንም በሌለበት ኩሬ ለብቻዋ ትታጠባለች።

የምትወደው ክረምትን ነበር። ክረምት መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ፈረንጅ አይመጣም፣ ግራዝማችም እሳት አይጠይቁም። ያን ጊዜ ከሴቶቹ ጋር ትታጠባለች፣ ከሴቶቹ ጋር ነጭ ትለብሳለች። ብርቄ ግን ከዚያ ከጭቃ ማውጫው ቀን ወዲህ ከሰላምታ አታልፍም፤ ቦጋለችም አትጫናትም ነበር።

አንድ ዓመት የክረምቱ የመጨረሻ ዓርብ መጣ። አደይ ብቅ ብሏል። ሴቶቹ ታጥበው ሲወጡ ቦጋለች ኩሬው ውስጥ ዘገየች። መዳፏን ውሃው ላይ ዘርግታ፣ «በል እንግዲህ፣ ለከርሞ ክረምት ያገናኘን» አለችው። ይህን ካለች በኋላ እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። ዞር ስትል ብርቄ ነጠላዋን እየጨመቀች ዳር ላይ ቆማለች። ሁሉን አይታለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ቦጋለች አፈረች። ለውሃ ስታለቅስ የታየች ሴት ነገ መሳቂያ ናት ብላ አሰበች።

መንገዱ ደረቀና እንግዶች መጡ ተባለ። ቦጋለች ዝንጀሮ ወንበር ወጥታ እሳቷን አያያዘች። ፈረንጆቹ ደረሱ፣ ጨበጧት፣ ዶሮ ተቃጠለ። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ፍሙን ልታፍን ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ከቁልቁለቱ ነጭ ነገር ተሰልፎ ሲወጣ አየች። ሴቶች ናቸው። የወይብላ ሴቶች፣ ለሰንበት ነጭ ለብሰው፣ እያንዳንዳቸው እንስራ አዝለው። በዚህ ሰዓት ሴት ሁሉ ዳገት የሚወጣው መርዶ ሲኖር ነው።

«ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች።

ከፊት ያለችው ብርቄ ናት፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ማንም አልሞተም! ይህ ዳገትሽ ግን ሊገድለን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያለው ሰውዬ ዳገት ወጥቶ አያውቅም!»

እንስራዋን በቀስታ አወረደች። ወደ ቦጋለች ግን አልተጠጋችም፤ ቦጋለች ገና አልታጠበችማ። «ቄስ ፈንታው ዘንድ ሄደን ነበር» አለች። «ሕጉ የሚፈስ ውሃ ነው ወይ አልናቸው። አዎ አሉ። ከእንስራ እንስራ እየተቀባበልን ብናፈሰውና ባይቋረጥስ አልናቸው። ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ? ‹ካልተቋረጠማ ወንዝ ነው› አሉ።»

ቦጋለች ሰማችው፤ ልብ እስክትለው ግን ጊዜ ፈጀባት። ሴቶቹ አልጠበቋትም። ከቋጥኙ ጀርባ ነጠላቸውን ዘርግተው ዙሪያውን እንደ መጋረጃ ያዙና «ግቢ!» አሏት። ካሜራውን ያነሳ አንድ ፈረንጅ ነበር። ጸጋዬ ፊቱ ሄዶ ተገተረ፤ «ስማዳ በዚያ በኩል ነው፣ ወደዚያ እይ» እያለ ትከሻውን ይዞ አዞረው።

ብርቄ በቦጋለች ራስ ላይ ማፍሰስ ጀመረች። የእሷ ሳያልቅ ሁለተኛዋ ቀጠለች፣ የሁለተኛዋ ሳያልቅ ሦስተኛዋ። ውሃው የወይብላ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ የቅጠል ሽታ ያለው። ቦጋለች ዓይኗን ስትገልጥ እንስራዎቹን አየች። ሁሉም የእጇ ሥራ ናቸው። ይህ ጆሮው ዘመም ያለው እናቷ በሞተች ሰሞን የሠራችው ነው። ያኛው ለብርቄ ሠርግ የሰጠቻት ነው፤ ከንፈሩ ላይ የአውራ ጣቷ ምልክት አለ። ያ ደግሞ ይሰነጠቃል ብላ የሰጋችለት፣ ግን የዳነው። እንስራ መሥራቴ ቀረ ብላ ስንት ጊዜ አዝናለች! በየቤቱ ግን ነበሩ፤ በየቀኑ ውሃ ሲቀዱ ነበሩ። እንባዋና ውሃው አንድ ሆነ።

«ይበቃል፣ ኧረ ይበቃል እህቶቼ፣ ደከማችሁ» አለች።

«ሥራ ላይ ነን፣ አታናግሪን!» አለቻት ብርቄ።

የመጨረሻዋ እንስራ ስትነጥፍ ነጠላ አለበሷት። ያን ጊዜ ብርቄ መጥታ አቀፈቻት፤ አጥብቃ። ቦጋለች በብርቄ ትከሻ ላይ አሻግራ ፀሐይዋን አየች። ጫፏ ገደሉን ነክቷል።

«ውረዱ!» አለች ደንግጣ። «ሰንበት ሊገባ ነው፣ መንገድ ላይ ሊመሽባችሁ ነው፣ ውረዱ እንጂ!»

እንስራውን ያነሳ ሰው የለም። ብርቄ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ከብብቷ የተቋጠረ የሰንበት ዳቦ አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረች። ሌሎቹም ተራ በተራ ተቀመጡ።

«ፀሐይ ከጠለቀች መንገድ አይኬድም» አለች ብርቄ። «ሕጉን ረሳሽው እንዴ?»

ታች ወይብላ ያን ዕለት ሴት የሌለባት መንደር ሆና አደረች። ቦጋለች ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። እጇ ታጥቧል፣ ሥራዋ አልቋል፣ ሰው ሁሉ ወደሷ እያየ ነው፤ የምትናገረው ግን ጠፋት።